የአማርኛ ጽሑፍና ምስል በራስ ሰርቨር ላይ በትክክል ሳይታይ ሲቀር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በጎንደር የማኅበር፣ የዕድር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የቀድሞ ተማሪዎች የጋራ መገናኛ ሥርዓት በራሳቸው ሰርቨር ላይ ጭነው የሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ መረጃውን በማይኤስኪውኤል ወይም በማሪያዲቢ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ለሚያስቀምጥ ሶፍትዌር የተዘጋጁ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ለሌሎች ሥርዓቶችም ያገለግላሉ።

የአባላት ጽሑፍ ተበላሽቶ ይታያል። ከየት ልጀምር?

ምንም ነገር ከመለወጥዎ በፊት ብልሽቱ ምን እንደሚመስል በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ መልኩ ስሕተቱ የት እንዳለ ይናገራልና። በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ከተደረደሩ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው በአንባቢው መሣሪያ ላይ ፊደሉን የሚስለው ፎንት ነው። ጭረትና ነጥብ የተጨመረባቸው የላቲን ፊደላት እርስ በርሳቸው ተደበላልቀው ከታዩ ፊደሎቹ የተቀመጡባቸው ቁጥሮች፣ ማለትም ባይቶቹ፣ ብዙውን ጊዜ አሉ፤ የተሳሳተው ቁጥሮቹ እንዴት ወደ ፊደል እንደሚነበቡ የሚወስነው የኢንኮዲንግ ስም ነው። እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ከተለወጠ ግን ጽሑፉ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ጠፍቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉ የመጠባበቂያ ቅጂ ያውጡ፤ ቅጂውንም ከሰርቨሩ ውጪ ያኑሩት። ቀጥሎ አንድ የተበላሸ ጽሑፍ መርጠው፣ በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ምን እንደሆነ በአሥራ ስድስትዮሽ ቁጥር እንዲያሳይ ያዝዙት፤ በማይኤስኪውኤል ይህን የሚሠራው ሄክስ የሚባለው ተግባር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በተሰጣቸው መዝገብ) ውስጥ ያለው መሠረታዊው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ ኢ1 (E1) ሲሆን ሁለተኛው ከ88 እስከ 8ዲ (8D) ባለው ውስጥ ይወድቃል። «ሀ» ለምሳሌ ኢ1 88 80 ነው። በውጤቱ ይህ ቅደም ተከተል ከታየ ጽሑፉ አለ። ሲ3 ኤ1 (C3 A1) እየተደጋገመ ከመጣ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ይስተካከላል። 3ኤፍ (3F) ብቻ ከተደረደረ ግን የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ራሱ ነው። ይህ ምርመራ ጥቂት ደቂቃዎች ቢወስድ ነው፤ ሰዎች ግን ዘልለውት ፎንት ሲቀያይሩ ይውላሉ።

ሳጥኖቹ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ይታያሉ። ለምን?

የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት በሁሉም መሣሪያ ላይ የለም። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ኤብሪማ የኢትዮጵያን ፊደል ያካትታል። በማክ ኬፋ አለ። በኢንተርኔት ቤት ወይም በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሉ አሮጌ ማሽኖች ግን ምንም ላይኖራቸው ይችላል። መፍትሔው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን የመሰለ ነጻ ፎንት በራስዎ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ የገጹን መልክ በሚወስነው የቅጥ (ሲኤስኤስ) ፋይል ውስጥ መጥራት ነው። ፎንቱን ከውጭ አገር ሰርቨር መጥራት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የአንባቢው ኔትዎርክ በደከመ ቁጥር ጽሑፉ ያለ ፎንት ይቀራል፤ ፎንቱ ከሌላ ዶሜይን ሲመጣም ያ ሰርቨር በግልጽ ካልፈቀደ ብሮውዘሩ አይቀበለውም። ፋይሉ ዎፍ2 በተባለው የድረ ገጽ ፎንት ዓይነት ይሁን፤ የሚታይበትም ስልት ፎንቱ እስኪደርስ ድረስ በመሣሪያው ፎንት እንዲያሳይ ተደርጎ ይዘጋጅ፤ አለበለዚያ አንባቢው ለተወሰነ ጊዜ ባዶ ገጽ ያያል።

የዜማ ትምህርት ለሚያስተላልፉ ማኅበራት አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ አለበት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የመሳሰሉት ምልክቶች በዩኒኮድ የተካተቱት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ፎንት የቃሉን ፊደላት በትክክል እያሳየ ምልክቶቹን ብቻ ሳጥን ሊያደርጋቸው ይችላል። ምልክቶቹ በዩኒኮድ ውስጥ ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ እንጂ በፊደሉ ላይ የሚጫኑ ሆነው አልተመዘገቡም፤ ከቃሉ በላይ እንዲሰፍሩ ከተፈለገ ሩቢ በተባለው የኤችቲኤምኤል አጻጻፍ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ጎንደርን በመሰለ የአብነት ትምህርት አገር ይህን በትክክል መሥራት የሚደከምለት ጉዳይ ነው፤ ምልክቱ ከቦታው ከተንሸራተተ ተማሪው ዜማውን የሚያነሣበትን ቃል ይስታልና።

ሰርቨር ከቀየርን በኋላ አማርኛው ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ተለወጠ። መመለስ ይቻላል?

በአብዛኛው ይቻላል፤ ነገር ግን ጥገናው የሚወሰነው ባይቶቹ ባሉበት ሁኔታ ነው። ማይኤስኪውኤል ከ8.0 በፊት በነበሩት እትሞቹ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር ሠንጠረዦችን የሚፈጥረው ላቲን1 በተባለ ኢንኮዲንግ ነበር። ብዙ አሮጌ ሥርዓቶች የአማርኛውን ባይት ላቲን1 ነው በተባለ ዓምድ ውስጥ እያስገቡ፣ በዚያው ስም እያወጡ ለዓመታት ያለ ችግር ሠርተዋል፤ ሁለት ስሕተቶች እርስ በርሳቸው ስለተጠፋፉ ማንም አላስተዋለም። አዲሱ ሰርቨር በትክክለኛው ኢንኮዲንግ መገናኘት ሲጀምር ግን የተደበቀው ይወጣል።

ዓምዱ ላቲን1 ተብሎ ባይቶቹ ግን በኢ1 የሚጀምሩ ከሆነ ጽሑፉ ትክክል ሆኖ የተሳሳተው ስያሜው ብቻ ነው። ዓምዱን በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር በዚህ ጊዜ ጉዳት ያደርሳል፤ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ባይት እንደ ላቲን ፊደል ቆጥሮ ይተረጉመዋልና። ትክክለኛው መንገድ ዓምዱን መጀመሪያ ብሎብ ወደሚባለው ጥሬ የባይት ዓይነት ቀይሮ፣ ከዚያ ዩቲኤፍ8-ኤምቢ4 (በማይኤስኪውኤል የሙሉው ዩቲኤፍ-8 ስም) ወደተባለው የጽሑፍ ዓይነት መመለስ ነው፤ በብሎብ በኩል ሲያልፍ ምንም ትርጉም አይካሄድም። ባይቶቹ ሲ3 ኤ1 ከሆኑ ደግሞ ጽሑፉ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ስለተቀየረ፣ አንዱን ለውጥ ወደ ኋላ የሚመልስ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ጽሑፉን ወደ ላቲን1፣ ከዚያ ወደ ጥሬ ባይት፣ በመጨረሻም ወደ ዩቲኤፍ8-ኤምቢ4 ማለፍ ነው።

የተበላሸና ትክክለኛ ጽሑፍ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀላቅለው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ሰርቨሩ ከተቀየረ በኋላ አባላት መጻፋቸውን ስለማያቆሙ አሮጌው ረድፍ የተበላሸ፣ አዲሱ ትክክለኛ ይሆናል። ጥገናውን በጅምላ ያካሄደ ሰው አሮጌውን አድኖ አዲሱን ያበላሻል። ስለዚህ ብልሽቱ እንደታየ ሥርዓቱን ለጽሑፍ ይዝጉት፤ ጥገናውንም በሙከራ ቅጂ ላይ፣ በባይታቸው ለይተው ባወጧቸው ረድፎች ላይ ብቻ ያካሂዱ።

ዳታቤዙ ትክክል ሆኖ ገጹ ብቻ ከተበላሸ፣ ሰርቨሩ ከገጹ በፊት ለብሮውዘሩ የሚልከው መግለጫ (ራስጌ) ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን መግለጹን ያረጋግጡ። በገጹ ውስጥ የሚጻፈው መግለጫም በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ መገኘት አለበት።

የጥያቄ ምልክት የሆነውስ?

በባይት ምርመራው 3ኤፍ ከታየ ከዳታቤዙ የሚመለስ ነገር የለም። የቀረው መንገድ የቆየ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ሥርዓቱ ለአባላት ልኳቸው የነበሩ የኢሜይል ማሳወቂያዎች፣ ወይም ጸሐፊው በስልኩ ያስቀረው ነው። ከሽማግሌዎች ቃል የተቀዳ የአካባቢ ታሪክ በዚህ መንገድ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል፤ አዲስ ሥርዓት ከተጫነበት ቀን ጀምሮ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አስገብቶ ባይቱን መመልከት ግዴታ መሆን አለበት የምንለውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን የጥያቄ ምልክቱ በገጹ ላይ እየታየ በዳታቤዙ ውስጥ ትክክለኛው ባይት ሊኖር ይችላል። ይህ የሚሆነው ሶፍትዌሩ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት መሥመር በላቲን1 ሲሆን ነው፤ በውቅር ፋይሉ ውስጥ የግንኙነቱን ኢንኮዲንግ ወደ ዩቲኤፍ8-ኤምቢ4 ማስተካከል ብቻ ይበቃል።

ከአሮጌ የዎርድ ፋይል የተገለበጠ ጽሑፍ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነ።

ይህ የሰርቨሩ ጥፋት አይደለም። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በቪዡዋል ግዕዝና እሱን በመሰሉ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች በፋይሉ ውስጥ የያዙት የላቲን ኮድ ነው፤ የአማርኛ መልክ የሚሰጣቸው ፎንቱ ብቻ ነበር። ጽሑፉ በተጻፈበት ፎንት ልክ በተዘጋጀ መለወጫ ወደ ዩኒኮድ ተቀይሮ፣ በሰው ዓይን ታርሞ መግባት አለበት። ያን ፎንት በሰርቨሩ ላይ መጫን ጽሑፉን ለዓይን ያስመስለዋል እንጂ በፍለጋ እንዲገኝ አያደርገውም።

ርእሶች በመጨረሻቸው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ያሳያሉ፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ ባዶ ናቸው።

አጭር ርእስ ለማዘጋጀት ጽሑፉን የሚቆርጠው ኮድ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው ማለት ነው። የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ፣ ቁርጡ በፊደሉ መካከል ካረፈ የቀረው ስባሪ ሊነበብ አይችልም። ከ8.1 በፊት የነበሩ የፒኤችፒ እትሞች ጽሑፍን ለኤችቲኤምኤል የሚያዘጋጁበት ተግባር እንዲህ ያለ ስባሪ ሲያገኝ፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር (በነባሪ አሠራሩ) ሙሉውን ጽሑፍ ባዶ አድርጎ ይመልሳል፤ ከ8.1 ወዲህ ስባሪውን ብቻ በአልማዙ ይተካዋል። በፊደል የሚቆጥሩ ተግባራትን የያዘው ኤምቢስትሪንግ የተባለው የፒኤችፒ ተጨማሪ በሰርቨሩ ላይ መጫኑን ያረጋግጡ፤ ካለም ተጨማሪ ሞጁሉን ወይም ገጽታውን የጻፈው ሰው ባይት ቆጣሪውን ተግባር በፊደል ቆጣሪው እንዲተካ ያሳስቡ። በላቲን ፊደል ብቻ የሞከረ ፕሮግራመር ይህን ስሕተት አያየውም።

ረጅም ጽሑፎች መሐል ላይ ይቆማሉ።

ሁለት ምክንያቶች አሉ። ቴክስት የተባለው የዓምድ ዓይነት የሚይዘው 65,535 ባይት ነው፤ በአማርኛ ይህ ቢበዛ 21,845 ፊደል ይሆናል። ዳታቤዙ ጥብቅ አሠራር ካልተደረገለት የተረፈውን ሳይከለክል ቆርጦ ይጥለዋል። ዓምዱን ወደ ሚዲየም ቴክስት ያሳድጉ።

ሁለተኛው ምክንያት ስሜት ገላጭ ሥዕል ወይም ኢሞጂ ነው። ማይኤስኪውኤል ቀድሞ «ዩቲኤፍ8» ይለው የነበረው ኢንኮዲንግ ከ3 ባይት በላይ አይቀበልም። አማርኛ በ3 ባይት ስለሚያልቅ ሥርዓቱ ለዓመታት ጤነኛ ይመስላል፤ አንድ አባል 4 ባይት የሚወስድ ኢሞጂ ያስገባ ዕለት ግን ከኢሞጂው በኋላ ያለው ሁሉ ይቆረጣል ወይም ጽሑፉ አልገባም የሚል መልእክት ይወጣል። ዩቲኤፍ8-ኤምቢ4 ይህን ይፈታል። ሲቀይሩ በአሮጌ ሠንጠረዦች ላይ የኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ርዝመት ከ767 ባይት በላይ ሆኗል የሚል ስሕተት ቢወጣ፣ የረድፉን ቅርጽ ዳይናሚክ ወደሚባለው መለወጥ ጣሪያውን ወደ 3072 ባይት ከፍ ያደርገዋል።

ወደ ኤችቲቲፒኤስ ከተዛወርን ወዲህ ገጹ መልኩን አጥቶ ጽሑፍ ብቻ ሆነ።

የቅጥ ፋይሉ አድራሻ አሁንም በኤችቲቲፒ ይጠራል፤ ብሮውዘሩም ደኅንነቱ በተጠበቀ ገጽ ውስጥ ያልተጠበቀ ፋይል ስለማይቀበል ያግደዋል። ኤፍ12ን ተጭነው በኮንሶሉ ላይ የሚወጣውን መልእክት ያንብቡ። በሥርዓቱ ውቅር ውስጥ ያለውን ዋና አድራሻ ያስተካክሉ፤ ከዚያም የገጽታውን ካሽ (ለፍጥነት የተቀመጠ የቆየ ቅጂ) ያጥፉ። ካሽ በሦስት ቦታ እንደሚቀመጥ አይርሱ፦ በሶፍትዌሩ፣ በሰርቨሩ ፊት አሸጋጋሪ (ፕሮክሲ) ካለ በእሱ፣ እና በአንባቢው ብሮውዘር። ገጹን በግል መስኮት ከፍቶ ማየት የመጨረሻውን ለመለየት ያስችላል።

ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ለተዛወሩ ደግሞ፣ ሊኑክስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል፤ በዊንዶውስ ላይ ይገኝ የነበረ ፋይል «የለም» ተብሎ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ገጹ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነ።

ነጭ ገጽ ማለት ፒኤችፒ ስሕተት አግኝቶ ቆሟል፣ ስሕተቱንም ለአንባቢ እንዳያሳይ ታዟል ማለት ነው። መልሱ በሰርቨሩ የስሕተት መዝገብ (ሎግ) ውስጥ ተጽፏል፤ ሎጉን ሳያነቡ መገመት ጊዜ ማባከን ነው። ሰርቨሩ በጽሕፈት ቤት ውስጥ ካለና መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ከተከሰተ መጀመሪያ የሚፈተሹት ዲስኩ መሙላቱና ዳታቤዙ መነሣቱ ናቸው። ሠንጠረዦቹ አሁንም ማይአይሳም በተባለው አሮጌ የአቀማመጥ ዓይነት ከሆኑ ድንገተኛ መቋረጥ በቀላሉ ያበላሻቸዋል፤ ከጥገና በኋላ ወደ ኢኖዲቢ ይለውጧቸው፤ ለሰርቨሩም በሥርዓት ለመዝጋት የሚያበቃ ጊዜ የሚሰጥ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ይግዙለት።

የውቅር ፋይሉ በቅርቡ በዊንዶውስ ኖትፓድ ከታረመ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታዩ 3 ባይቶች ገብተው ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ያለ እነዚህ ባይቶች በዩቲኤፍ-8 መልሶ ማስቀመጥ ይበቃል።

የጥምቀት ፎቶግራፎች አይጫኑም፤ የተጫኑትም አይታዩም።

ጥር 11 በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት የተነሡ ፎቶዎች በአንድ ቀን ሲጎርፉ የሰርቨሩ ገደቦች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይፈተናሉ። ገጹን ለብሮውዘር የሚያቀርበው ኢንጂንኤክስ የተባለው ሶፍትዌር በነባሪው ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ጥያቄ አይቀበልም፤ የሚመልሰውም ስሕተት 413 ነው። ፒኤችፒ ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ ለጠቅላላው መላኪያ 8 ሜጋባይት ይፈቅዳል። የዛሬ ስልክ የሚያነሣው ፎቶ ከዚህ ስለሚበልጥ ሦስቱንም ማሳደግ ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ ማሳደግ ለውጥ አያመጣም።

ፎቶው ገብቶ ትንሹ ምስል ካልተሠራ ለፒኤችፒ የተፈቀደውን የሜሞሪ ገደብ ይመልከቱ። 12 ሜጋፒክስል ያለው ፎቶ በፋይል ጥቂት ሜጋባይት ቢሆንም ሰርቨሩ ሲከፍተው ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚመድብ ወደ 48 ሚሊዮን ባይት ይወስዳል፤ አነስተኛውን ቅጂ ለመሥራት ተጨማሪ ያስፈልጋል። ከአይፎን የሚመጡ በኤችኢአይሲ ዓይነት የተቀመጡ ፎቶዎች በብዙ ብሮውዘሮች አይታዩም፤ ወደ ጄፔግ መለወጥ አለባቸው። የፎቶው ፋይል ስም በአማርኛ ከሆነም በሊኑክስ የፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ 85 ፊደል ላይ ያልቃል፤ የበዓሉን ሙሉ መግለጫ በፋይል ስም የሚጽፉ አባላት ይህን ይነገራቸው።

በስልክ ላይ ጽሑፉ ከገጹ ጠርዝ ያልፋል፤ የፊደሉም ራስ ይቆረጣል።

ብሮውዘር መሥመር የሚሰብረው በክፍት ቦታ ወይም በሁለት ነጥብ ላይ ነው። ከአራት ነጥብ በኋላ ክፍት ቦታ ሳይተው የተጻፈ ጽሑፍ ሁለቱን ቃላት ስለሚያጣብቅ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል። በአማርኛ የተሰየመ ገጽ አድራሻ ደግሞ የባሰ ነው፦ እያንዳንዱ ፊደል በአድራሻ ውስጥ 9 ምልክት ስለሚሆን «ጎንደር» የሚለው ባለ 4 ፊደል ቃል ብቻውን 36 ምልክት ይወስዳል። በቅጥ ፋይሉ ውስጥ ረጅም ቃል እንዲሰበር ይፍቀዱ። የፊደሉ ራስ የሚቆረጠው የመሥመር ቁመቱ ለላቲን ፊደል የተለካ በመሆኑ ነው፤ ወደ 1.6 ገደማ ከፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው ብሮውዘሩ ራሱ አወፍሮ የሚሠራው ርእስ የደበዘዘ ይመስላል፤ ለርእስ ደማቅ ቅርጽ ያለውን ኖቶን መጠቀም ይሻላል።

አባላት «ጎንደር» ብለው ሲፈልጉ «ጐንደር» ተብሎ የተጻፈው አይወጣም።

ለዳታቤዙ ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፤ «ሰ» እና «ሠ»፤ «አ» እና «ዐ»፤ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ ይለያያሉ፤ ስለዚህ «ዐፄ ፋሲል» የሚል ጽሑፍ «አጼ ፋሲል» ብሎ ለፈለገ ሰው አይገኝም። የአባላትን ጽሑፍ ወደ አንድ አጻጻፍ ማረም ፈጽሞ አይገባም፤ ጽሑፉ የጸሐፊው ነው። ከጽሑፉ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ይፍጠሩ፤ በእሱ ውስጥ ሞክሼ ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ይጠቃለሉ፤ ፈላጊው የሚያስገባውም ቃል ከመፈለጉ በፊት በዚያው ደንብ ይለፍ። በገጹ ላይ የሚታየው ግን ሁልጊዜ ዋናው ጽሑፍ ይሁን።

ቀንና ሰዓቱ ትክክል አይደለም።

የሰርቨሩን የሰዓት ክልል «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ያድርጉት፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ይቀድማል። ሶፍትዌሩ የሚያሳየው ሰዓት ከአገራችን አቆጣጠር በ6 ሰዓት ቢለይ ስሕተት አይደለም፤ የአቆጣጠሩ ልዩነት ነው። የቋንቋው መቼት አማርኛ መሆኑ ብቻውን ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አይለውጠውም፤ የቀን መቁጠሪያው ለብቻው መመረጥ አለበት። ዘመናዊ ብሮውዘሮችና የፒኤችፒ ኢንትል ተጨማሪ የኢትዮጵያን መቁጠሪያ ስለሚያውቁ በራስዎ ኮድ ከዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 ለመቀነስ አይሞክሩ፤ እንዲህ ያለው ቀመር ጳጉሜን ላይ ይስታል። በዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው ቀን በዓለም አቀፉ ሰዓት እንዳለ ይቆይ፤ የሚለወጠው ለአንባቢ ሲታይ ብቻ ነው።